ከወገን ወደ እንግዳ፦ ርኅራኄ እንደ እምነት ሥራ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የንግግሬ ርእሰ ጉዳይ ርኅራኄ ነው። ይህ ርእስ ለዐውደ ምሕረት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚስማማ የማይመስለው አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ርኅራኄን የማነሣው እንደ ስሜት ሳይሆን እንደ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ እህል ይጠይቃል፤ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጊዜና ሥርዓት ይጠይቃል። እህል፣ ጉልበት፣ ጊዜና ሥርዓት ደግሞ ሊጠኑ፣ ሊመዘኑ፣ ሊወቀሱም የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ጥያቄዬን በአጭሩ ላስቀምጥ። ለተቸገረ ሰው የምናደርገው ርዳታ የእምነት መግለጫ የሚሆነው መቼ ነው? ሰው ለልጁ፣ ለወንድሙ፣ ለአገሩ ልጅ ይራራል። ይህን ለማድረግ የግድ አማኝ መሆን አያስፈልገውም፤ የሥጋ ዝምድናና የጉርብትና ፍቅር ይበቃዋል። እንግዲያው እምነት በዚህ ላይ የሚጨምረው ምንድን ነው? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ እምነት ርኅራኄን ከወገን አሻግሮ ወደ እንግዳ ያደርሰዋል። ሁለተኛ፣ ርኅራኄው በአንድ ቀን እንባ እንዳያልቅ ተራና ቀን፣ ድርሻና ሥርዓት ያበጅለታል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል የሚሆነውን ነገር በቅርብ ዓመታት በደባርቅና በዳባት አይተናል፤ እዚያ እደርሳለሁ።

ሁለት ቃላት

በመከራ ጊዜ ከሁሉ አብልጠን የምንሰማው ቃል «ወገን» ነው። ለወገን እንድረስ፣ ወገን ተቸግሯል እንላለን። ቃሉ ክቡር ነው፤ ብዙ ሰው ያዳነም ቃል ነው። ነገር ግን በግእዝም በአማርኛም ወገን ማለት ነገድ፣ ዘር፣ ደግሞም ጎን ማለት ነው። ጎን ካለ ሌላ ጎን አለ። ከዚሁ ቃል «ወገንተኛ» የሚለውን አውጥተናል፤ ዳኛውን ወገንተኛ ስንለው እየነቀፍነው ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል በአንድ አፍ ምስጋና፣ በሌላ አፍ ወቀሳ ይሆናል። ወገንን መውደድ በጎ ነው፤ ወገንን ብቻ መውደድ ግን ፍርድን ያጣምማል።

ሁለተኛው ቃል «እንግዳ» ነው። መንገድ፣ ነጋዴ፣ እንግዳ የሚሉት ሦስት ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም በግእዝ መጓዝን የሚያመለክተው «ነገደ» የሚለው ግሥ ነው። እንግዳ ማለት በመሠረቱ መንገድ ያመጣው ሰው ነው። ዘሩም ሃይማኖቱም በቃሉ ውስጥ የሉም፤ ያለው መንገዱ ብቻ ነው።

ደባርቅና ዳባት ደግሞ የመንገድ አገር ናቸው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወደ ባሕር የሚያወጣው የጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች ጎዳና በዚህ ደጋ አልፎ የሊማሊሞን ገደል ይወርድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1770) ጎንደር የገባው ይህን ዳገት ወጥቶ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የመኪና መንገድ የቀደዱትም በዚሁ ገደል ነው። ወደ ዋልድባ የሚወርዱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች፣ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች፣ ወታደሮች፣ ተማሪዎች፣ ስደተኞች ሁሉ በዚህ አልፈዋል። ሌሊቱ ብርድ በሆነበት በዚህ ደጋ ላይ የመሸበትን መንገደኛ ማሳደር የቅንጦት ደግነት አልነበረም። ያልተጠለለ ሰው በብርዱ ሊሞት ይችላልና።

ስለዚህም መንገደኛው በራፍ ላይ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ይህች አጭር ሐረግ የምታደርገውን ነገር ልብ እንበል። መንገደኛው የባለቤቱ እንግዳ ነኝ አላለም፤ እንግድነቱን ለሌላ ባለቤት ሰጠ። በዚህም ባለቤቱ የቤቱ ጌታ መሆኑ ይቀርና የሌላ ጌታ እንግዳ ተቀባይ ይሆናል። ልማዱ እንደሚያዝዘው እግሩ ይታጠባል፤ ከቤቱ እህል ይቀምሳል፤ አገሩና ወገኑ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተራ ጨዋነት ሊመስል ይችላል፤ በውስጡ ግን ሙሉ ትምህርተ ሃይማኖት አለበት። ማንነቱ የርዳታው ቅድመ ሁኔታ አይደለም ማለት ነውና።

የቅዱሳት መጻሕፍቱም አሳብ ከዚህ ጋር ይስማማል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ማን መሆናቸውን ሳይጠይቅ ውኃና እንጎቻ አቀረበ። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተነገረው የመጨረሻው ፍርድም የሚመዝነው የተራበን ማብላትን፣ የታረዘን ማልበስን፣ እንግዳን መቀበልን ነው። በሉቃስ ወንጌል ባልንጀራው ማን እንደሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የተመለሰለት ምሳሌ ደግሞ ጥያቄውን ገለበጠው፤ በመንገድ ዳር ለወደቀው ሰው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ወገኑ ያልሆነው ሳምራዊ ነው። በዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር አለ። ሳምራዊው ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ርኅራኄው በጀትና ክትትል ነበረው።

በእስልምናም ነገሩ ይኸው ነው። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ መንገደኛው ነው፤ በአገሩ ባለጠጋ ቢሆን እንኳ በመንገድ ላይ የተቸገረ ሰው ድርሻ አለው። የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች በ7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ሸሽተው መጠጊያ ያገኙት በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የተቀበላቸው ወገኖቹ ስለነበሩ አይደለም። በደባርቅም በዳባትም ጎን ለጎን የሚኖሩት ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ይህን ታሪክ በጋራ ይወርሱታል።

ሥርዓት ያለው ርኅራኄ

ወደ ሁለተኛው የመልሴ ክፍል ልለፍ። በጎ ስሜት ይመጣል፤ ይሄዳልም። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ጥበብ ይህን ስሜት በቀን መቁጠሪያ ላይ ማሰራቸው ነው።

ሰንበቴን እንውሰድ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ደብሩ ይመጣል፤ አባላቱ፣ ካህናቱና ነዳያኑ ከአንዱ መሶብ ይቀምሳሉ። የወር ማኅበሩም እንዲሁ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ዝክር በቅዱሱ ስም ይዘከራል፤ ከዝክሩ ለደጅ ጠኚውና ለአላፊ አግዳሚው ይደርሳል። በሙስሊሙ ዘንድ ሰደቃውና በጾም ፍቺ የሚወጣው ዘካተል ፊጥር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ባሏ የሞተባትን ሴት ወይም ታሞ የተኛውን ገበሬ ማሳ በደቦ አርሶና አጭዶ መስጠትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

እነዚህ ልማዶች ሦስት የጋራ ባሕርያት አሏቸው። የመጀመሪያው ተራ ነው፤ ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ ብቻ አይወድቅም። ሁለተኛው ቀን ነው፤ የተቸገረው ሰው መቼና የት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ የሰጪውን ፊት እያየ መለማመጥ አይጠበቅበትም። ሦስተኛው ገበታ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ፍትሐ ነገሥት ለምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ የሰጠውም ምጽዋት ለሰው ፈቃድ ብቻ የማይተው ነገር በመሆኑ ይመስለኛል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ውጤት ምን እንደሆነ ለእናንተ ለተማሪዎች ልንገራችሁ፤ ትምህርት ነው። የጎንደር የቅኔ፣ የዜማ፣ የአቋቋምና የመጻሕፍት ጉባኤያት ለዘመናት የቆሙት በመንግሥት በጀት አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በውሻ እየተባረረ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለው የቆሎ ተማሪ ነው ያቆማቸው። እርሱን ደግሞ ያቆሙት ከልጆቻቸው እንጀራ ቆርሰው የሰጡት የገጠር እናቶች ናቸው። ተማሪው ከሩቅ አውራጃ የመጣ ነው፤ ስሙን እንኳ አያውቁትም። ሊቅ ሲሆን ተመልሶ አይከፍላቸውም። የአገራችን የሥነ ጽሑፍ ቅርስ፣ ዛሬ በምርምር ክፍሎቻችን የምናጠናው ሁሉ፣ ለማይታወቅ እንግዳ በተሰጠ ቁራሽ እንጀራ ላይ ተሠርቷል ብል አላጋነንኩም። ምሁር ነን የምንል ሰዎች ስለ ርኅራኄ ስናወራ ስለ ገዛ ውለታችን እያወራን ነው።

ነሐሴ 2013

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እመጣለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ዘለቀ። ከአዲ አርቃይ፣ ከዛሪማና ከአካባቢው የሸሹ ቤተሰቦች የሊማሊሞን ዳገት እየወጡ ወደ ደባርቅ መጡ፤ በትምህርት ቤቶች፣ በዘመድና በማያውቁት ሰው ቤት ተጠለሉ። በነሐሴ ወር ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብዙ ንጹሓን ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ጦርነት በትግራይም፣ በአፋርም፣ በሌሎች የአማራ አካባቢዎችም ንጹሓን አልቀዋል፤ የአንዱን ሐዘን የምናነሣው የሌላውን ለማሳነስ አይደለም።

በእነዚያ ወራት የደባርቅና የዳባት ቤቶች ያደረጉትን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በዚያ በር ገብታችኋል ወይም ያንን በር ከፍታችኋል። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ስሌቱን ነው። ለምሳሌ ያህል አምስት ነፍስ ያለበት አንድ የደጋ ገበሬ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጎተራው የሚጎድልበት፣ ገብሱና ባቄላው ገና በማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ በነሐሴ 15 ያለው እህል አዲሱ ምርት እስኪደርስ፣ እስከ ኅዳር 10 ድረስ ያለውን 90 ቀን በጥንቃቄ ያደርሰዋል እንበል። በዚያን ቀን አራት እንግዶች ገቡ። ዘጠኝ ሆኑ። ያው እህል አሁን የሚበቃው ለ50 ቀን ነው፤ በመስከረም ማብቂያ ላይ ጎተራው ይደርቃል። አርባ ቀን ይቀራል።

እነዚያ አርባ ቀናት ናቸው የዛሬው ንግግሬ መካከለኛ ነጥብ። በሩን መክፈት የአንድ ሌሊት ውሳኔ ነው። ከመስከረም ማብቂያ በኋላ ግን በጉ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል፣ ምግቡ በቀን ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። እንግዳው ይህን ያያል፤ አይቶም ያፍራል፤ ቁራሹን ለልጁ አሳልፎ ጠግቤአለሁ ይላል። የሰነበተ እንግዳ እንደሚከብድ የሚናገሩ አባባሎች በቋንቋችን መኖራቸው የክፋት ምልክት አይደለም። የጎተራ ስሌት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጻፍ ሌላ ወጪ አለ፤ የሴቶች ጉልበት። አባወራው እንግዳውን «ግባ» ይላል፤ ምስጋናውንም እርሱ ይወስዳል። ለዘጠኝ ሰው ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨትና ኩበት የምትለቅመው፣ በጢስ ቤት ምጣድ ላይ የምትቆመው ግን እመቤቲቱና ሴቶች ልጆቿ ናቸው። የእንግዳ ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር የአንዲት ልጃገረድ የትምህርት ሰዓት ስንት ይቀንሳል? ርኅራኄን እንደ ሥራ ካየነው ሠራተኛዋንም ማየት አለብን።

ማኅበረሰቡ ደግሞ ፋታ አላገኘም። ከጦርነቱ በኋላ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ከድቶ ድርቅ ሆነ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱንና ገበያውን አወከ። ትናንት አስተናጋጅ የነበረው ቤት ራሱ ርዳታ ጠያቂ ሆነ። ይህ ደግሞ በታሪካችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት እልቂት በሬውን ሲጨርስ፣ ማሳው ጦም ሲያድር፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ የሚሰጥ እጅ ራሱ የሚለምን እጅ ሆኖ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ባህል ብቻውን የማያልቅ ጎተራ አይደለም። የሕዝባችንን እንግዳ ተቀባይነት እያመሰገንን ጎተራውን ካልሞላን ምስጋናችን ራሱ ሸክም ይሆናል።

አለምዋጭ

እስካሁን የተናገርሁት ለወገን ስለተደረገው ነው። ከአዲ አርቃይ የመጣው ሰው ለደባርቅ ሰው አማች፣ የገበያ ወዳጅ፣ የሃይማኖት ወንድም ነው። ፈተናው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

በጦርነቱ ዓመታት በጸለምት አካባቢ በማይ አይኒና በአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በሁለት እሳት መካከል ገቡ። ለእነርሱ መጠጊያ እንዲሆን በዳባት ወረዳ የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ። የዳባትን ሰው በዚያን ጊዜ አስቡት። ሐዘኑ ትኩስ ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው። ወደ መሬቱ የመጡት ሰዎች ደግሞ የሌላ አገር ዜጎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚናገሩት ትግርኛም፣ በጦርነት በቆሰለ ጆሮ፣ የተቃራኒ ጎን ቋንቋ ሆኖ ሊሰማ ይችል ነበር። ስደተኞቹ ጦርነቱን አላመጡም፤ ከእርሱ የሸሹ ናቸው። ሰው በሐዘን ላይ ሳለ ግን ይህን ልዩነት ማየት ቀላል አይደለም።

ወገን የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያልቃል። በወገንነት ሚዛን ካየነው ዳባት ለአለምዋጭ ዕዳ የለባትም። በእንግድነት ሚዛን ካየነው ግን አለምዋጭ ያለው ሰው መንገድ ያመጣው ሰው ነው፤ በራፍ ላይ ቆሟል፤ ሊልም የሚችለው ያችኑ አሮጌ ሐረግ ነው። እምነት ለደባርቅና ለዳባት ሰው ምን እንደጨመረለት የሚታወቀው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ጠባይን በአንድ ቀለም መቀባት አልፈልግም። በዚህ ዓይነት ቦታ ሁሉ ገበታ የሚካፈል አለ፤ በውኃ፣ በማገዶና በግጦሽ የሚጣላ አለ፤ በስደተኛው ችግር የሚያተርፍም አለ። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ከወገን ውጭ ላለው ሰው የሚደረገው ጥቂቱ ነገር፣ አንድ ማሰሮ ውኃ እንኳ፣ ለወገን ከሚደረገው ብዙ ነገር ይልቅ ስለ እምነታችን ይመሰክራል።

ይህን ስል የበላዔ ሰብን ታሪክ ሳታስታውሱ አትቀሩም፤ ቤተ ክርስቲያን የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የምታስበው ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ስለ ምሕረት ብዛት ብቻ ይተርከዋል። እኔ ደግሞ ተቀባዩን አያለሁ። ውኃው የተሰጠው ማንም ሊቀርበው ለማይወድድ በሽተኛ ነው። ትረካው ጥርኙን ውኃ ከባድ ያደረገው በመጠኑ አይደለም፤ በደረሰበት ሰው ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ዓይነት ንግግር ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎችን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው፦ አማኝ የሚሰጠው ለነፍሱ ነው፤ ድኻው ለእርሱ የመንግሥተ ሰማያት መሰላል ነው፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ርኅራኄ ሊባል ይችላልን? ተቃውሞው እውነት አለው። ተዝካሩን ለስሙ ብሎ የሚደግስ፣ ዳቦ ሲያድል ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው አለ። ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ ለዚህ መድኃኒት አበጅቷል። በሰንበቴ የዛሬው ባለተራ የሚቀጥለው እሑድ ከሌላው መሶብ ይበላል፤ ሰጪነቱ የአንድ ቀን ነው። ወንጌልም ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራ እንዳታውቅ ያዝዛል። ለነፍሱ ብሎ የጀመረ ሰው በሥራው ውስጥ ሰውን ሊያገኝ ይችላል። የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሕይወት ይህን ያሳያል። በረኃብ ዘመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወጡ፤ በመንገድ በሞተች እናት አጠገብ ያገኙትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። የተሳለሙት ለነፍሳቸው ነበር፤ የተመለሱት ግን ለሌሎች ነፍስ ነው። ቤተሰብ ቢቃወማቸውም በሰኔ 2013 እስካረፉበት ድረስ ሥራውን ተቋም አደረጉት፤ በእርሳቸው ስም የሚጠራው የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ማኅበር ዛሬም አለ።

ሁለተኛው፦ ርኅራኄ ፍትሕን ያዘገያል፤ ድኻው መብቱን እንዳይጠይቅ በቁራሽ ያስተኛዋል። ይህም ሊሆን ይችላል። ምጽዋት የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። የተፈናቀለው ሰው ካሣና መመለሻ፣ ስደተኛው ጥበቃ ይገባዋል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የሥራና የእንቅስቃሴ መብት ሲሰጥ ጉዳዩን ከችሮታ ወደ ሕግ አሻግሮታል። ነገር ግን ሕጉ በሊማሊሞ ዳገት ላይ ውኃ ይዞ አይቆምም፤ እስኪደርስ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ደግሞም ለእንግዳው በሩን የከፈተ ሰው ስለ እንግዳው መብት ለመመስከር ከማንም የበለጠ ብቁ ነው፤ ስሙንና ታሪኩን ያውቃልና።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚተርፈውን በአራት ነጥብ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አስተናጋጁን ቤት እንቁጠር። ርዳታ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጠለያ ለተመዘገበ ሰው ነው፤ በየቤቱ የተጠለለውና ያስጠለለው ከመዝገብ ይወድቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለዓመታት የሚመዘግብ የክትትል ጣቢያ አለው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲጀመር ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር የሚያሰማራ ነበር። ስለዚህ የመቁጠር ጥበብ አልጎደለንም። የጎደለን እነዚያን አርባ ቀናት መጠየቅ ነው። በሚገባ የተሠራ ቆጠራም ርኅራኄ ነው።

ሁለተኛ፣ ወቅቱን እንወቅ። የበጎ አድራጎት ክበቦቻችን የሚነቃቁት በገናና በፋሲካ ነው። በገና ጎተራው ሙሉ ነው። የደጋው ቤት የሚጨነቀው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ያን ጊዜ ግቢያችን በአብዛኛው ዕረፍት ላይ ይሆናል። ማዋጣቱን በበዓሉ፣ ማድረሱን በክረምቱ ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ተራውን ከሰንበቴ እንማር። አንድ ክበብ አንድን ቤተሰብ ለአንድ ቀን ከሚጎበኝ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ዐሥራ ሁለት ወር ተራ ገብተው አንድን ቤት ቢይዙ ይሻላል። ይህን ለማድረግ የውጭ ፕሮጀክት አያስፈልግም፤ የወር ማኅበር ሕግ ይበቃል። የምናግዘው ቤት እንግዳ ያስጠለለ ቤት ከሆነ ደግሞ አስተናጋጁንም እንግዳውንም በአንድነት ረዳን ማለት ነው።

አራተኛ፣ እንግዳው እንዲሰጥም እንፍቀድለት። ዘወትር ተቀባይ የሆነ ሰው ክብሩ ይላላል። በአለምዋጭም ሆነ በመፈናቀል መጠለያዎች ውስጥ መምህር፣ አናጢ፣ ነርስ፣ ሸማኔ፣ ዜመኛ አለ። ከተቀበልነው እንግዳ እጅ አንድ ነገር መቀበል ከመስጠት ያላነሰ ትሕትና ይጠይቃል። በአንድ ገበታ መቀመጥ ማለትም ይኸው ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ የዚህ ደጋ ሕዝብ በሩን እንደሚከፍት አስመስክሯል፤ ይህን ለማስተማር አልመጣሁም። ያነሣሁት በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለውን ነው፤ በስንተኛው ቀን ላይ እንዳለን፣ ከምጣዱ አጠገብ የቆመችው ማን እንደሆነች፣ በራፉ ላይ የቆመውም ወገናችን ባይሆን ምን እንደምናደርግ። እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ጃናሞራ የምትወጡ ወጣት ተመራማሪዎች እንዲበዙ እመኛለሁ። መጠይቃችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ቤቱ የሚያቀርብላችሁን ቆሎ ቅመሱ፤ ከስንት ሰው ድርሻ እንደተነሣም ልብ በሉ።